ሪዜ ይላጭ

ሰው ሁሉ የሚምልበት ነገር አለው። መምህር ፈየራ የሚምለው በሪዙ ነበር። «ይህ ልጅ ዘንድሮ ካለፈ ሪዜ ይላጭ!» ይላል። «ከሰዓት በኋላ ካልዘነበ ሪዜ ይላጭ!» ይላል። እኔ ለነገር አልሰንፍምና አንድ ዓመት ሙሉ ቆጥሬበታለሁ፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ መላጨት ነበረበት። ግን ማን ደፍሮ ምላጭ ያቀብለው?

ሪዙ ደግሞ የዋዛ ሪዝ አልነበረም። ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ የላይኛውን ከንፈሩን ሙሉ በሙሉ ውጦ፣ የታችኛውንም እስከ ግማሽ ድረስ ይሸፍነዋል። ሻይ ሲጠጣ ቅጠሉ እዚያው ይቀራል፤ ማጥለያ አያስፈልገውም። አምቦ ውሃ ሲጠጣማ አረፋው ሪዙ ላይ እየፈነዳ ሲወርድ፣ መምህራን ክፍል ያለነው ሁሉ ወሬያችንን አቁመን እናያለን። ሲናገር አፉ አይታይም። ያ ወፍራም ድምፁ ብቻ ከቁጥቋጦ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ይመጣል።

እኔ ሸዋገነት ነኝ፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። ትምህርት ቤታችን ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የካቶሊክ ሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ታይፕ የምመታው፣ የፈተናውን ስቴንስል ቆርጬ የማባዛው፣ በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። መምህር ፈየራና እኔ የተቀጠርነው በአንድ ወር ነው፤ ስለዚህ አንተና አንቺ እንባባላለን። እሱ የአማርኛ መምህር ነው። የጥቁር እንጪኒ ልጅ ነው፤ ቤቱ ኦሮምኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛን በአስተማሪ ዱላ ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ግን አፉን በአማርኛ የፈታውን ሰው ሁሉ የሚያርም ሆነ። «ሸዋ፣ እዚህ ጋ አራት ነጥብሽ የት ሄደ?» ይለኛል። ያበሳጫል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ነው፤ ያ ይበልጥ ያበሳጫል።

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ የመግቢያ ፈተና እንሰጣለን። ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ፣ ከወንጪ ማዶ የሚመጡ ልጆች ሦስት መቶ ይሆናሉ፤ ያለን ቦታ አርባ አምስት ነው። ለሴቶች ልጆች መነኮሳቱ የሚጠብቁት አዳሪ ቤት ስላለን፣ ልጁን ማስተማር የሚፈልግ የሩቅ አገር አባት ሁሉ የሚመኘው እኛን ነው። ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ቃለ ጽሕፈት። ቃለ ጽሕፈት ማለት መምህሩ ያነባል፣ ልጆቹ እየሰሙ ይጽፋሉ። አንባቢው ምንጊዜም መምህር ፈየራ ነው። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በዴስኮቹ መካከል እየተንጎራደደ ያነባል፤ ልጁ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ነሐሴ ደግሞ ወንዝ የሚሞላበት ወር ነው። በፈተናው ቀን ወንዝ አላሻግር ብሎት የሚቀር ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ዙር ይሰጣል፤ እኛ «የወንዝ ዙር» እንለዋለን። የአውራጃው ሰዎች ይህን ዙር አይወዱትም። ሚሲዮኖቹ የወደዱትን ልጅ በጓሮ በር ያስገቡበታል ብለው ይጠረጥራሉ። ስለዚህ መመሪያው ጥብቅ ነው፤ አንባቢው የመጀመሪያውን ዙር ያነበበው ሰው ይሁን፣ የጽሑፉ ርዝመት አይለወጥ፣ ሰዓቱ አይለወጥ፣ ከአውራጃው የተላከ ተቆጣጣሪ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ፣ የመጀመሪያው ዙር ታርሞ ስናይ አንዲት ልጅ ግራ አጋባችን። ሒሳብ ከሃምሳ አርባ ስምንት። ቃለ ጽሕፈቷ ግን ባዶ ነው፤ ስሟን ብቻ ጽፋለች። ወርቅቱ ነጋሳ፣ ከደንዲ።

«ሒሳቡን ኮርጃለች» አለ መምህር ፈየራ።

«ከማን?» አሉ አባ እንግዳወርቅ። አባ እንግዳወርቅ ዳይሬክተራችን ናቸው፤ የሒሳቡን ፈተና ያወጡትም እሳቸው ናቸው። «ከእሷ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ውጤት ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ከሠላሳ ዘጠኝ ገልብጦ አርባ ስምንት የሚያመጣ ልጅ ካለ እኔ ራሴ ሒሳብ እንዲያስተምርልኝ እቀጥረዋለሁ።»

ውጤት በተለጠፈ ዕለት አባትና ልጅ ቢሮዬ መጡ። ኦቦ ነጋሳ ረጅም ቀጭን ገበሬ ናቸው፤ የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ በደንብ አራግፈው ነው የገቡት። ልጅቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር ታያለች። እኔ ከኋላዋ ፋይል እየፈለግሁ «ወርቅቱ» አልኳት። ዝም። «አንቺ ወርቅቱ!» አሁንም ዝም። ንቀት መስሎኝ ደሜ ፈላ። ዞሬ ፊቷ ላይ ተደቀንኩና «ጆሮ የለሽም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት።

«የለኝም» አለች፣ ረጋ ብላ።

አምስተኛ ክፍል ሳለች በትኩሳት ታማ ስትነሣ ጆሮዋ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰው አፍ እያየች ነው የምትኖረው። አስተማሪው ወደ እሷ ዞሮ ሲናገር ከንፈሩን ታነባለች፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር የጎረቤቷን ደብተር ታያለች። ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው እንዲህ እያደረገች ነው። ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ ሳወራት ሁሉንም ትመልስልኛለች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። የመጀመሪያው ዙር ዕለት ግን መምህር ፈየራ ከኋላዋ ሲንጎራደድ፣ ፈተናው መጀመሩን እንኳ ያወቀችው ሌሎቹ አንገታቸውን ሲደፉ ነው።

«ታዲያ ስትመዘገብ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው ኦቦ ነጋሳን።

«ብነግራችሁ ትመዘግቡልኝ ነበር?»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፣ እሳቸውም ጉዳያቸውን አወጡት። «ሽማግሌ ተልኮብኛል። ሰውየው ከብት ሞልቶታል፤ ዕድሜው ግን ከእኔ ብዙም አያንስም። ‹ልጄ ተማሪ ናት› እያልኩ ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። አሁን ስምንተኛን ጨረሰች። ለመስቀል ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ከገባች አፌን ሞልቼ እመልሳቸዋለሁ። እቤት ካገኟት ግን ምን እላለሁ? ደንቆሮ ልጅ ማን ያገባልሃል፣ ዕድልህን አትግፋ ነው የሚሉኝ።» ልጅቱ የአባቷን አፍ እያየች ነበር። አንድም ቃል አላመለጣትም።

ያኔውኑ አባ ዘንድ ሮጥኩ፤ አባም በማግሥቱ ስብሰባ ጠሩ። ሐሳባቸው አጭር ነበር፤ ልጅቱ በወንዝ ዙር እንደገና ትፈተን። «ወንዝ ማለት ልጅን ከፈተና የሚያስቀር ነገር ነው» አሉ። «የእሷ ወንዝ ጆሮዋ ላይ ነው የሞላው። ሌሎቹን ከፈተንን እሷንም እንፈትናለን።»

መምህር ፈየራ ተነሣ። «አባ፣ እኔ ልጅቱን አልጠላኋትም። ግን ቃለ ጽሕፈት በጆሮ የሚጻፍ ነገር ነው። እግር የሌለውን ሰው ሩጫ አወዳድረን ምን ልናተርፍ? ደግማ ባዶ ወረቀት ሰጥታን ሁለተኛ እንድታዝን ነው። ጆሮዋ የማይሰማ ልጅ የእኔን ቃለ ጽሕፈት ከግማሽ በላይ ከጻፈች ሪዜ ይላጭ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። እኔ ግን በአሥራ ሰባቱ መሐላ አርሬያለሁ። ብዕሬን አነሣሁና ቃለ ጉባኤው ላይ ተራ ቁጥር አራት ብዬ ጻፍኩት፦ «መምህር ፈየራ፣ ተፈታኟ በቃለ ጽሕፈት ከግማሽ በላይ ካገኘች ሪዛቸውን ሊላጩ ቃል ገብተዋል።» በመጨረሻ ሁሉም ሳያነብ ፈረመ፤ እሱም ፈረመ። አራት ነጥብ የሚያሳድደው ዓይኑ ያን ዕለት ተራ ቁጥር አራትን አላየም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ወጥቶ ቃለ ጉባኤ ከገባማ ማን ይመልሰዋል? ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ።

የወንዙ ዙር ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ጠዋት አባ እንግዳወርቅ ልጅቱንና መምህር ፈየራን አንድ ክፍል ውስጥ አገናኟቸው። «ፊት ለፊቷ ቆመህ አንብብላት። መመሪያው አንባቢው ይንጎራደድ አይልም» አሉት። እሱም እሺ አለ፤ ቁጡ ይሁን እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ከፊቷ ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጎ «ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ወደ እርሻው ወረደ» ብሎ አነበበ።

ወርቅቱ እርሳሷን ይዛ ፊቱ ላይ አፈጠጠች። አንገቷን ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ወደ ግራ አዘነበለች፣ ጎንበስ ብላ ከሥር ወደ ላይ አየችው። ደገመላት። ሠለሰላት። ወረቀቷ ባዶ ነው።

«ለምን አትጽፊም?»

«ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ።»

«አልቆጣም፣ ተናገሪ።»

«አፍዎ የለም» አለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የበሩን መቃን ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አባ እንግዳወርቅ በመሐረባቸው አፍንጫቸውን የሚጠርጉ መሰሉ። ከልጃቸው ጋር የገቡት ኦቦ ነጋሳ ወደ ግድግዳው ዞሩ። መምህር ፈየራ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። እጁን ወደ ሪዙ ሰደደ፤ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ለማንም ምንም ሳይል ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

ያኔ ሳቄ ደረቀ። ተቀይሞ ነገ ራሴን አመመኝ ብሎ ቢቀርስ? ሌላ አንባቢ መተካት አይፈቀድም። እሱ ካልመጣ የልጅቱ ነገር እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሽማግሌዎቹም ለመስቀል ይመጣሉ።

የቀረውን የሰማሁት ከሞሲሳ ነው። ሞሲሳ ገበያው አፍ ላይ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ጠዋት የነገሩት ወሬ ማታ ጊንጪ ይደርሳል። መምህር ፈየራ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ላጨው» አለ።

«ጠርዙን?»

«ሁሉንም።»

«ምነው፣ ሊያስሩህ ነው እንዴ?» አለ ሞሲሳ። ጊዜው እንዲያ የሚያስጠይቅ ጊዜ ነበር።

«ማንም አያስረኝም። ላጨው።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«ሞሲሳ፣ ምላጭህን አንሣ!»

ሞሲሳ ምላጩን አነሣ። እሱ ሲላጭ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ግማሹን እንደላጨ ዝም አለ። ሲጨርስም መስታወቱን አንሥቶ አላሳየውም። መምህር ፈየራ ቤቱ ሄዶ ሲያንኳኳ ሚስቱ አመለሸጋ በሩን ገርበብ አድርጋ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችው። አብረው ሲኖሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በረንዳው ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ባርኔጣው የመምህር ፈየራ ነው፣ ኮቱ የመምህር ፈየራ ነው፣ ፊቱ የማንም አይደለም። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ አየሁት። የላይኛው ከንፈሩ ከአፍንጫው ሥር ተሰንጥቆ ጠምዘዝ ብሎ ነው የገጠመው፤ አሮጌ ጠባሳ ነው። አፌን ዘጋሁ። ዓርብ የበሩን መቃን ይዤ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ ሲለኝ፣ እግዜር ያውቃል፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ሳቂ እንጂ፣ ሸዋ» አለኝ። «አሁኑኑ ሳቂና ጨርሺ፤ ሥራ አለን።»

«አልሳቅ አለኝ» አልኩት።

የአውራጃው ተቆጣጣሪ ጓድ ዓብዲሳ በሁለት ሰዓት ደረሱ። ካኪ የለበሱ፣ ኪሳቸው ውስጥ ጋዜጣ የወሸቁ፣ ጥንቁቅ፣ እርሳሳቸውን በሁለቱም ጫፍ የሚቀርጹ ሰው ናቸው። ከኋላ ተቀመጡ፤ የትምህርት ቤቱን ፋይል ሲጠይቁኝ ቃለ ጉባኤው ያለበትን መዝገብ አቀበልኳቸው። ተፈታኞቹ አራት ናቸው፤ ወንዝ ያስቀራቸው ሦስት ልጆችና ወርቅቱ። እሷ ፊት ወንበር ላይ ናት። መምህር ፈየራ ከፊቷ ቆመ፤ ልጅቱ ቀና ብላ አየችውና ፊቷ በራ።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ሳይጨርስ ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ የገዛ ሳሌን አልሰማሁም። ሦስቱ ልጆች «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ይተያያሉ። ጓድ ዓብዲሳ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ቆዩና ተስፋ ቆረጡ፤ ሥራ ሲፈቱ መዝገቡን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ዝናቡ ግድ ያልሰጣት ወርቅቱ ብቻ ናት። ቀና ትላለች፣ ትጽፋለች፤ ቀና ትላለች፣ ትጽፋለች። መምህር ፈየራም ሌላውን ሁሉ ረስቶ ለእሷ ያነባል።

ሰዓቱ ሲያልቅ አባ እንግዳወርቅ ወረቀቷን እዚያው አረሙት። ከሃምሳ አርባ አንድ። ሦስቱ ጆሮ ያላቸው ልጆች ተደምረው አርባ አንድ አልሞላላቸውም፤ ዝናቡ ሲያቆም ድጋሚ ሊነበብላቸው ተወሰነ። ኦቦ ነጋሳን ከበረንዳው ልጠራቸው እጄን ሳነሣ፣ ጓድ ዓብዲሳ መዝገቡን ይዘው ወደ ፊት መጡ። ከዝናቡ በላይ ለመሰማት ይጮኻሉ።

«ይህ ተራ ቁጥር አራት ምንድን ነው?»

መዝገቡን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።

«መምህሩ ሪዛቸውን ሊላጩ ቃል የገቡት ልጅቱ ካለፈች ነው። ልጅቱ ያለፈችው ዛሬ ነው፣ አሁን። ሪዙስ መቼ ተላጨ?»

«ትናንት» አለ መምህር ፈየራ።

«ትናንት! ያልተፈረደበትን ቅጣት አስቀድሞ የሚቀበል ሰው ፍርዱን ያውቃል ማለት ነው። ደግሞ እኔ ጤነኛ ጆሮ ይዤ አንድ ቃል አልሰማሁም። አትሰማም የተባለችው ልጅ ሁሉን ጽፋለች። ጽሑፉ አስቀድሞ ተሰጥቷታል። ውጤቱ ይሰረዛል።»

«ጓድ፣ እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለቀልድ ነው» አልኩ።

«ቃለ ጉባኤ ላይ ቀልድ አይጻፍም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል፤ የእኔ ሥራ ግን ይህችን ምንም ያላደረገች ልጅ ነው የወጋት። ወርቅቱ የሁላችንንም አፍ በየተራ እያየች ነበር። እርሳሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

መምህር ፈየራ ወደ ጓድ ዓብዲሳ ተጠጋ። «ለምን ትናንት እንደተላጨሁ ልንገርዎት» አለ። «ስምንት ዓመቴ ላይ የአጎቴ በቅሎ ረገጠችኝ። ከንፈሬ እንደሚያዩት ሆኖ ዳነ። እረኛው ሁሉ ስንጥቁ እያለ ሲጠራኝ አደግሁ። ትልቅ ሆኜ ለመምህርነት ማሠልጠኛ ተፈተንኩ፤ በጽሑፉ አንደኛ ወጣሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ፊቴን አዩና ‹ልጆች ፊት ቆመህ እንዴት ትናገራለህ?› ብለው መለሱኝ። ጥቁር እንጪኒ ተመልሼ አንድ ዓመት ሪዝ አሳደግሁ። በዓመቱ ሄድኩ። ጠያቂዎቹ ያው ናቸው፣ ጥያቄው ያው ነው፣ መልሴም ያው ነው። አሳለፉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ከንፈር እናቴ እንኳ አላየችውም፤ ሚስቴም ያየችው ትናንት ነው። ይህች ልጅ ግን ‹አፍዎ የለም› አለችኝ። እኔ ያለፍኩበት ሪዝ እሷን ሊጥላት ነው። ምን ላድርግ?»

ጓድ ዓብዲሳ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ልባቸው እንደተነካ አይቻለሁ፤ ግን የመመሪያ ሰው ናቸው። «ታሪኩ ያሳዝናል» አሉ። «ማስረጃ ግን አይደለም።»

«እንግዲያው ኪስዎ ውስጥ ያለውን ጋዜጣ ያውጡ። እኛ አላየነውም፣ እሷም አላየችውም። የሚነበበውን እርስዎ ይምረጡ።»

ጋዜጣውን አወጡ። አገላብጠው አንድ አንቀጽ በእርሳሳቸው ከበቡ፤ ስለ ሲሚንቶ ምርት ነው፣ ከሁሉ የደረቀውን ነው የመረጡት። መምህር ፈየራ ተቀብሎ ወርቅቱ ፊት ቆመ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገ። ድምፅ ሳያወጣ ማንበብ ጀመረ። እስትንፋሱ እንኳ አይሰማም። ያ የተጠመዘዘ ከንፈሩ ብቻ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ፣ ለሁላችንም በግልጽ እየታየ ይንቀሳቀሳል። ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ ወረቀቱ ላይ እርሳስ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። አባ እንግዳወርቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ስትጨርስ ጓድ ዓብዲሳ ወረቀቷን ከጋዜጣው ጎን ዘርግተው በእርሳሳቸው ጫፍ ቃል በቃል አመሳከሩ። ሁለት ቃል ጎድሏታል። መጨረሻ ላይ ቀና አሉ።

«እኔ ከኋላ ተቀምጬ ምንም አልሰማሁም» አሉ።

«እኔም አልሰማሁም» አለች ወርቅቱ።

ጓድ ዓብዲሳ ሳቁ። እኚህ ሰው መሣቅ ይችላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መዝገቡን ሳቡና በተራ ቁጥር አራት ሥር በጥንቁቅ ጽሕፈታቸው «አንባቢው ለፈተናው ተገቢውን ዝግጅት አድርገዋል። ተፈጽሟል» ብለው ፈረሙበት። ኦቦ ነጋሳ በረንዳው ላይ ሲነግሯቸው ለመምህር ፈየራ እጅ ሊነሡ ጎንበስ አሉ፤ እሱ ቀድሞ ያዛቸውና ሁለቱም «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ ሲመሰጋገኑ ዝናቡ አበቃ። ለመስቀል ሽማግሌዎቹ ደንዲ ሲደርሱ ወርቅቱ እኛ ዘንድ አዳሪ ቤት ውስጥ አልጋዋን እያነጠፈች ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤታችን ትንሽ ተለወጠ። አባ እንግዳወርቅ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ማስተማርን ከለከሉ፤ መምህር ሁሉ መጀመሪያ ይጽፋል፣ ዞሮ ያስረዳል። መምህራኑ አጉረመረሙ፤ የክፍሉ ሁሉ ውጤት ከፍ ሲል ጊዜ ግን ዘዴው የራሳቸው እንደሆነ ማውራት ጀመሩ። ወርቅቱ በበኩሏ ለአዳሪዎቹ ሁሉ ከንፈር ማንበብ አስተማረቻቸው። አርባ ሴት ልጆች በጸሎት ሰዓት ያለ ድምፅ ሲያወሩ፣ መነኮሳቱ እንዲህ ያለ ጨዋ ትውልድ አይተን አናውቅም እያሉ ያመሰግኑ ነበር። አሁን ጊንጪ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ማይክሮስኮፕ አያወራም፤ ተስማምተው ይኖራሉ።

መምህር ፈየራ ሪዙን መልሶ አሳደገ። አመለሸጋ ግን ያለ ሪዝ ይሻልሃል ብላ ትከራከረዋለች። ከዚያ ወዲህ በሪዙ ሲምል አልሰማሁም። ነሐሴ ሲገባ ግን፣ በመጀመሪያው ዙር ዋዜማ፣ ሞሲሳ ዘንድ ይሄዳል። ሞሲሳም ምንም ሳይጠይቅ ይላጨዋል። አሁን የአምቦ ሰው የፈተናውን ቀን የሚያውቀው ከማስታወቂያ ሰሌዳችን ሳይሆን ከመምህር ፈየራ ፊት ነው።

አምና፣ በሰማንያ ሁለት ነሐሴ፣ ጠባሳው ወጥቶ ቢሮዬ ሲገባ ላናድደው ፈለግሁ። መቼም ልማዴ ነው። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር አንሥቼ «ፈየራ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ አንድ በአንድ መዝግቤያለሁ» አልኩት። «አልሰማም ያለኝ አንድም የለም። በከንቱ ነው የተላጨኸው።»

የዘረጋሁለትን ዝርዝር አልተቀበለኝም። የሚነበበውን ጽሑፍ ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ወርቅቱስ ነግራሽ ነበር?» አለኝ።

ዝርዝሩን አስቀመጥኩና የፈተናውን ደወል ላስደውል ተነሣሁ።